በአንድ መስመር ይሰረዛል

የቤቱ ሰው ሁሉ «ቶሎ» ይላታል። ስሟ አይደለም፤ አመሏ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጫማዋን ደረጃ እየወረደች የምታስር፣ ሰው ሐሳቡን ሳይቋጭ «ገባኝ፣ ገባኝ» የምትል ስለነበረች፣ አባቷ «የቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያለ ሲተርትባት ኖሮ ተረቱ እያጠረ መጣና «ቶሎ» ላይ ቆመ። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ሰባ ሠራተኛ ኢንተርኔት ጠፋብኝ ሲል የሚጠራው እሷን ነው። የሰባ ሰው ኔትወርክ የምታቃና ልጅ የገዛ አባቷን ላፕቶፕ ምን አድርጋ እንደተወችው መናገር ያሳፍራል። ግን ካልተነገረ አይሆንም።

አባትየው ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ መሬት ሲለካ፣ መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲቀይስ የኖረ ሰው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከኪሱ የማይለይ የመስክ ደብተር ነበረው፤ ጡረታ ሲወጣ ሥራው ቀረ እንጂ ደብተሩ አልቀረም። ቧንቧ ያንጠባጠበበትን ቀን፣ አምፖል የተቀየረበትን ሰዓት፣ ሁሉንም ይጽፋል። ለደብተሩ ደግሞ ሕግ አለው፤ ልጆቹ ፊደል ሳይቆጥሩ የተማሩት ሕግ። ላጲስ አይነካውም። ስህተት አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ሆኖ። ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል፣ የተሳሳተው ሰው አጠገቡ ይፈርማል። «የተፋቀ ቁጥር ያለበት ደብተር ዳኛ ፊት አይቆምም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ በድንበር ክርክር ስንት ጊዜ ዳኛ ፊት ቆሟል።

ሰኞ ዕለት ቶሎ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ወላጆቿ ቤት መጣች። የአባቷ ላፕቶፕ አርጅቶ፣ ከተከፈተ በኋላ ለመንቃት ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። አባትየው በሱ የሚያደርገው ብዙ አይደለም፤ ከሰማይ የተነሳ ካርታ ከፍቶ ድሮ የቀየሳቸውን መንገዶች ያያል፣ አንድ ሁለት ደብዳቤ ይጽፋል። ለእሱ ግን ብዙ ነው። «ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ልጫንልህ» አለችው። «ለአሮጌ ማሽን ቀላል ነው፤ እንደ አዲስ ይሆንልሃል።» ከመሥሪያ ቤቷ ያመጣችውን ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘች፣ ፍላሿን ሰካች፣ ጀመረች።

መጫኛው መጀመሪያ ላይ ፈጠን ፈጠን አለ። ሠላሳ በመቶ፣ ስልሳ በመቶ፣ ዘጠና በመቶ። ዘጠና አራት ላይ ሲደርስ ቆመ። ተጨማሪ ፋይሎችን ከኢንተርኔት እያወረደ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ መስመሩ ዘገምተኛ ነው። ቶሎ ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ላይ የጸጉር ቤት ቀጠሮ አላት። ልብ በሉ፣ ሐኪም ቤት አይደለም፣ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ጸጉር ቤት ነው። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ስድስተኛውን መጠበቅ አቃታት። ከታች «ዝለል» የሚል ቁልፍ ነበረ፤ ተጫነችው። ማሽኑ የአቅሙን ተናገረ፦ መጫኑ አልተሟላም፣ አንዳንድ መሣሪያዎች ላይሠሩ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያውን እንደ ማስታወቂያ ዘጋችው።

ማሽኑ ሲነሳ ሐይቅ ያለበት ያማረ ገጽ ብቅ አለ። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ «አለቀ?» አላት።

«አልቋል አባዬ። ይኸው፣ እንደ አዲስ።»

ፍላሹን ነቀለች፣ ገመዱንም የመሥሪያ ቤት ነውና ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ጉንጩን ስማው ወጣች። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ይሥራ አይሥራ አላየችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አባቷ ደወለ። ቢሮው ሰው ሞልቶታል፤ አለቃዋ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተደግፎ ስለ ማተሚያው ይነግራታል።

«ልጄ፣ ይቅርታ ሥራ ላይ ነሽ። ኢንተርኔቱ አልመጣም።»

«ትናንት ስወጣ ይሠራ ነበር እኮ አባዬ። ምን ነክተህ ነው?»

ይኸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ውሸት ልዋሽ ብላ አይደለም፤ በቀን አሥር ጊዜ ለሠራተኞቹ የምትለውን ነው ያለችው። ለነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነበር።

አባቷ «እኔ እንኳ የነካሁት አይመስለኝም» አለ።

«እስቲ ራውተሩን አጥፍተህ አብራው። ላፕቶፑንም። ማታ እደውላለሁ።»

ማታ አልደወለችም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ትዝ ሲላት ከቢሮው ደረጃ ሥር ቆማ ደወለች። አባቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጦ ኖሯል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት እንዲከፍት አደረገችና ማሽኑ ያሉትን የኔትወርክ መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገረችው። እሱም እንደ ድሮ መስክ ላይ እያንዳንዱን ፊደል አንድ ጊዜ፣ ጥርት አድርጎ እየጠራ ጻፈ። አባቷ ቁጥርም ሆነ ፊደል ሁለት ጊዜ አይጠራም፤ «አንዴ በትክክል ያልተነገረ ቢደጋገም አይቃናም» የሚል ሰው ነው።

«ሁለት መስመር ወጣ» አለ። አነበበላት።

አንደኛው የማሽኑ የራሱ ነው፤ ሁሉም ማሽን አለው። ሁለተኛው የገመዱ ነው። ሦስተኛው፣ የዋይፋዩ፣ የለም። ቶሎ ወዲያው ገባት። ያ ሦስተኛ መስመር እንዲኖር የሚያደርገው ፋይል የት እንዳለ ታውቃለች፤ በዘለለችው ስድስት በመቶ ውስጥ ነው። በአባቷ ጣት የጠፋ ነገር የለም። ያልተጫነ ነገር አይጠፋም።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አላት።

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። ሦስት ቃል ነው፦ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ግን ትናንት «ስወጣ ይሠራ ነበር» ብላለች፤ እሱን ማጠፍ ሊኖርባት ነው። ደግሞስ ለማን? አንድን ልኬት ጀምሮ ሳይጨርስ ምሳ ለማይበላ ሰው፣ ስለ ጸጉር ቤት ልትነግረው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ነገሩ፣ እንዲህ አለች፦

«አንዳንዴ ሰው ሳያውቀው ሲነካካው ይጠፋል። ቅዳሜ መጥቼ አስተካክለዋለሁ፤ አታስብ።»



«ሳያውቀው» አለ አባቷ።

«አዎ። ያጋጥማል አባዬ።»

«እሺ ልጄ» አለና ዘጋ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቷ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከጓሮ ልብስ ማስጫው ዘንድ ሆና እንደምታወራ ያስታውቃል፤ የምትደብቀው ነገር ሲኖራት የምትሄደው እዚያ ነው።

«አባትሽ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጣ።»

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ማንም ሳይልከው ራሱ ነው የሄደው። አእምሮዬን መርምሩልኝ አለ። የሰዓት ሥዕል ሳል አሉት፣ ሳለ። አምስት ቃል ነግረውት ቆይተው ሲጠይቁት አራቱን አለ፣ አንዱ ጠፋው። ‹መሰላል› የሚለው ነው። ሐኪሙ እኔም ይጠፋኝ ነበር ብሎ አሳቀው። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ጀምሮ ቤት ውስጥ መሰላል፣ መሰላል እያለ ይዞራል።»

ቶሎ ወንበሯን ከጠረጴዛው ገፋች።

«አያትሽን ታውቂያለሽ» አለች እናቷ። ማወቅስ ታውቃለች። የአባቷ እናት ባለቀ ዕድሜዋ ጫማዋን የውኃ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጥ፣ ልጇን በወንድሟ ስም ትጠራው ነበር። «‹ሳላውቀው ነካክቻለሁ፣ የእናቴ ነገር ጀመረኝ› ይላል። እነዚያ በአጥሩ የሚጣሉት ሁለቱ ጎረቤቶች ድንበሩን እንዲለካላቸው ለምነውት አልነበር? ሌላ ሰው ፈልጉ አላቸው። ሰው ራሱን ሳያምን የሰው ድንበር አይለካም አለ። አሁን ደግሞ መሣሪያውን ለዘንጌ ሊሰጠው ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጥተህ ውሰድ ብሎታል።»

ዘንጌ ከወጣትነቱ ጀምሮ የአባቷ ረዳት ሆኖ የመለኪያ ዘንግ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው፤ ስሙም ከዘንጉ የመጣ ነው። ዛሬ እሱም ሸብቷል፣ ራሱን የቻለ ቀያሽ ሆኗል። መሣሪያው ደግሞ ያ በሦስት እግር ቆሞ በመነጽር የሚታይበት መለኪያ ነው፤ ከአልጋው ራስጌ በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጧል። አባቷ ለማንም አውሶት አያውቅም። ቶሎ በልጅነቷ ሣጥኑን ከፍታ መነጽሩን በጣቷ ስለነካች አንድ ሳምንት ኩርፊያ ቀምሳለች።

«እማዬ» አለች።

«ወዬ።»

ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «ቅዳሜ በጠዋት እመጣለሁ» አለች፤ ሌላውን ዋጠችው።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረች አልነግራችሁም፤ በደለኛ እንዴት እንደሚያድር በደለኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሐሳቧ ግን ይሄ ነበር፦ ማንም ሳይጠይቅ ቶሎ ብዬ አስተካክለዋለሁ፤ ሲሠራ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለው ይረሳዋል፤ መሣሪያውም ይቀራል። አያችሁ፣ ከጥፋቷ ለማምለጥም የመረጠችው መንገድ ያው አቋራጩ ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። የእንጨት ሣጥኑ ተወልውሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሦስቱ እግሮች ታጥፈው፣ በማሰሪያቸው ታስረው ግድግዳ ተደግፈዋል። አባቷ ጠረጴዛው ዘንድ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ የመስክ ሥራ የሚሄድ ይመስል ባለ ብዙ ኪሱን ሰደርያ ለብሷል። ሲስማት እጁ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቆየ።

ስልኳን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች፤ ማሽኑ ከስልኳ ኢንተርኔት ተበደረ። የጎደሉትን ፋይሎች አንድ በአንድ አወረደች፣ ጫነች፣ አጥፍታ አበራች። የዋይፋዩ ምልክት ጥግ ላይ ብቅ አለ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሰኞ ዕለት ጸጉር ማድረቂያው ሥር የተቀመጠችው አርባ ደቂቃ ነበር።

«ተስተካከለ» አለች፣ ፊቱን ሳታይ።

አባቷ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ካርታው ተከፈተ፤ እሱ ግን ካርታውን አላየም። የመስክ ደብተሩን አወጣ። «እንግዲህ ንገሪኝ፤ ምን ነክቼ ነው? ልጻፈውና ዳግመኛ እንዳልነካው።»

ደብተሩ ተከፍቶ ፊቷ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት፣ ላፕቶፑ ተከፈተ። ሰዓቱ። የተጫነው ቁልፍ። የታየው ጽሑፍ። ተዘጋ። እንዲህ እያለ ገጹ ሁሉ ሞልቷል፤ ያበራበት፣ ያጠፋበት፣ ራውተሩን የነቀለበት። የቀረ ነገር የለም፣ የተሳሳተም ነገር የለም። ከሥሩ ግን፣ ረቡዕ ዕለት፣ በዚያው ቀጥ ባለ የቀያሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ስህተቱ የእኔ ነው። የማላስታውሰው ነገር ነክቻለሁ።

አጠገቡ ፈርሟል።

ቶሎ እጇን ገጹ ላይ አደረገች። «አባዬ፣ አንተ ምንም አልነካህም። ማሽኑ ነው፤ አሮጌ ስለሆነ ነው።»

አባቷ ፈገግ አለ። እሷን የገደላት ፈገግታው ነው። «አውቃለሁ ልጄ። እናቴንም እኔ እንደዚሁ ነበር የማደርጋት። ጫማዋን ከማሰሮ አውጥቼ ‹እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት› እላት ነበር። ሰው ለወላጁ ይሸፍናል።»

«እየሸፈንኩልህ አይደለም!»

«እሺ» አለ፤ አላመናትም።

በሩ ተንኳኳ። እናቷ ስትከፍት የዘንጌ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጠሮው አራት ሰዓት ቢሆንም ከሠላሳ ዓመት ልማዱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው የመጣው። አባቷ ሊነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ቁጭ በል አባዬ» አለች ቶሎ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንድ ነገር ላሳይህ። ቃሌን አትመን፤ የተጻፈ ነው።»

መጫኛው የሠራውን ሁሉ በየደቂቃው መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፋይል አለ። ማንም አይከፍተውም፤ እሷም ከከፈተችው ዓመት አልፏታል። ከፈተችው፣ ወደ መጨረሻው ወረደች፣ በጣቷ አሳየችው። «ይሄ ሰኞ ነው። ይሄ የዋይፋዩ ፋይል መውረድ የጀመረበት። ይሄ ደግሞ ‹በተጠቃሚው ትእዛዝ ተዘለለ› ይላል። ደቂቃው ሃምሳ አንድ።»

አባቷ የዓይን መነጽሩን አደረገ። ደብተሩን ወደ ሰኞ ገለበጠ። እዚያ በእጁ እንዲህ ተጽፏል፦ አራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት፣ ልጄ ጨርሳ ሄደች። ጣቱን ማሽኑ ላይ አደረገ፣ መልሶ ደብተሩ ላይ። የሰዓት አቆጣጠሩ ቢለያይም ደቂቃው ይናገራል።

«ተጠቃሚው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ። አልጨረስኩም ነበር። ዘጠና አራት ላይ ዘለልኩት፣ የጸጉር ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ይሥራ አይሥራ ሳላይ ሄድኩ። ማክሰኞ ‹ይሠራ ነበር› ያልኩህ ውሸት ነው። ረቡዕ ሁለቱን መስመር ስታነብልኝ ደግሞ አወቅሁ። አውቄ ነው አንተ ላይ ያደረግሁት።»

ዘንጌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆሟል፤ እናቷ ከኋላው። አባቷ አልተቆጣም። ምነው በተቆጣኝ ብላ የተመኘችው ያን ጊዜ ነው።

«አምስት ቀን» አለ በመጨረሻ። «አምስት ቀን ሙሉ እናቴን ሳስብ ነበር።»

እርሳሱን ከሰደርያው ኪስ አወጣ። ስህተቱ የእኔ ነው በሚለው ላይ ማስመሪያ አስደግፎ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ፤ ቃሉ ከሥሩ ይነበባል። ከዚያ ደብተሩንና እርሳሱን ወደሷ ገፋ። ምን እንደሚፈልግ አልነገራትም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ቶሎ ከመስመሩ በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ጻፈች፦ ስህተቱ የልጁ ነው፤ ሳትጨርስ ጨረስኩ አለች። ስሟን ጻፈች፤ ቅጽል ስሟን ሳይሆን፣ ሙሉ ስሟን። ፈረመች። በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ የጻፈችው ነገር የለም።

«ዘንጌ» አለ አባቷ ቀና ብሎ። «በከንቱ አመላለስኩህ።»

ዘንጌ ሣጥኑን አየ፣ ፊቱ በራ። «እኔማ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ምን ብዬ እምቢ እንደምልዎት ሳስብ ነው የመጣሁት። ገላገሉኝ።»

«እንግዲያው ተሸከምልኝ። እነዚያ ሰዎች አጥር ለአጥር ሲጯጯሁ ሊውሉ ነው፤ ሄደን እንለካላቸው።» ወደ ልጁ ዞረ። «ዘንጉን አንቺ ትይዣለሽ።»

የጎረቤቶቹ ግቢ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ዘንጌ ሦስቱን እግሮች ተክሎ መሣሪያውን አስቀመጠ፤ አባቷ ጎንበስ ብሎ የውኃ ልኩን አረፋ መሃል አመጣ። ቶሎ የድንጋይ ካቡ ጥግ ላይ ቀይና ነጩን ዘንግ ይዛ ቆመች። ዘንግ ያዥ ሥራው መቆም ነው። ዘንጉ ትንሽ ቢያዘነብል ቁጥሩ ይሳሳታል፤ ስለዚህ አይወዛወዙም፣ ላብ አይጠርጉም። ፀሐይዋ ከረረች። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተወ። አላነሳችውም። ዛሬ እስከ ማታ ብትቆምም ግድ የላትም፤ ቆማ የምትከፍለው ከሆነ ርካሽ ነው ብላ አሰበች።

አባቷ በመነጽሩ አጎንብሶ አየ። ቀና አለ።

«አንድ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት» ብሎ ጠራ፤ እንደ ድሮው ጥርት ያለ ድምፅ። ቶሎ ልቧ ቀለል አላት።

እርሳሱን ደብተሩ ላይ አደረገ። አልጻፈም። ትንሽ ቆየና ወደሷ ቀና አለ።

«ስንት አልኩ?» አላት።

ዘንጌ ከመሣሪያው አጠገብ ሆኖ ፊቱን ወደ መሬት አዞረ። በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

«አንድ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት» አለች ቶሎ፣ ዘንጉን እንዳቆመች። «ልክ ነህ አባዬ።»

ጻፈው። ከዚያ፣ ልክ ነህ ብትለውም፣ እንደገና አጎንብሶ በመነጽሩ አየ፣ ያንኑ ቁጥር።